ያው እጅ፣ ያው ሥራ፦ የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ በቪዲዮ ጥበብ



አንዲት ሴት ወጥ ቤት ውስጥ ቆማለች። ከኋላዋ ማቀዝቀዣና ምድጃ፣ ከፊቷ ዕቃ የተደረደረበት ጠረጴዛ አለ። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ካሜራው ከቆመበት ንቅንቅ አይልም። ሴትዮዋ ሽርጥ አንሥታ ታጠልቅና ስሙን ትጠራለች። ቀጥላ ጎድጓዳ ሳህን ታነሣለች፤ ስሙን ትጠራለች፤ ባዶውን ታማስላለች። እንዲህ እያደረገች የወጥ ቤቱን ዕቃ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ፣ ከ«ኤ» ጀምራ አንድ በአንድ ታሳያለች፦ መክተፊያ፣ ሳህን፣ የእንቁላል መምቻ፣ ሹካ፣ መፈቅፈቂያ። ሹካው ላይ ስትደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። እንደ ጦር ጨብጣ አየሩን ትወጋበታለች። ጭልፋውን ስታነሣ የሌለውን ሾርባ ጨልፋ ትረጨዋለች። ሥጋ መደብደቢያው ጠረጴዛው ላይ ይጮኻል። ፊደሉ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ዕቃው ያልቃል፤ ያን ጊዜ ቢላና ሹካ በሁለት እጇ ይዛ፣ ክንዷን እየዘረጋችና እያጠፈች፣ የቀሩትን ፊደሎች በገዛ ሰውነቷ ትሠራቸዋለች። «ዜድ»ን በቢላ አየሩን ሰንጥቃ ትጽፋለች። ከዚያ እጆቿን አጣምራ ትከሻዋን ሰበቅ ታደርጋለች። ሁሉም ስድስት ደቂቃ ገደማ ነው።

ሴትዮዋ አሜሪካዊቷ አርቲስት ማርታ ሮስለር ናት። ሥራው በ1975 የተሠራው «ሴሚዮቲክስ ኦቭ ዘ ኪችን» ሲሆን፣ በአማርኛ «የወጥ ቤት ምልክቶች ጥናት» ማለት ይቻላል። በዚህ ዲስኩር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህን ቪዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው «ምግቡስ የታለ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ምግብ የለም። በዚያ ዘመን ጁሊያ ቻይልድን የመሰሉ አቅራቢዎች በአሜሪካ ቴሌቪዥን ፈገግ እያሉ ይከትፉ፣ ይጠብሱና መጨረሻ ላይ ያማረ ማዕድ ያቀርቡ ነበር። ተመልካቹ የሚያስታውሰው ማዕዱን እንጂ ማዕዱን ያሰናዳውን እጅ አይደለም። ሮስለር ማዕዱን አወጣችው። ሽንኩርቱንም፣ ሥጋውንም፣ ፈገግታውንም አወጣች። የቀረው እጅ ብቻ ነው፤ እሱም የተቆጣ እጅ ነው።

የዛሬው ጉዳይ ይኸው እጅ ነው። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በተለያዩ አገሮች ያሉ አርቲስቶች ካሜራ ፊት የሠሩት ሥራ ከሩቅ ሲያዩት ሥራ አይመስልም። አንዱ ይራመዳል። አንዷ ጸጉሯን ታበጥራለች። ሌላዋ ሊጥ ታቦካለች። ሌላው በየሰዓቱ የሥራ መግቢያ ካርድ ይመታል። እንቅስቃሴው ማንም ሰው በየቤቱና በየሥራ ቦታው የሚያደርገው ነው። ለየት ያደረገው መደጋገሙና ካሜራው ዓይኑን አለመንቀሉ ነው። እነዚህን ሥራዎች አንድ ላይ አድርጎ ለሚያይ ሰው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚወጣ አንድ ጥያቄ አለ፦ የሚደጋግመው ሰው ወዶ ነው ወይስ ግድ ሆኖበት? ለማንስ ነው የሚደጋግመው? ይህ የጥበብ ዘርፍ ብዙ ጊዜ የሚነገርለት በፈጠራው አዲስነት ነው። ትልቅነቱ ግን ለዚህ ጥያቄ በሰጠው መልስ ላይ ነው።

ነገሩ ከዳንስ ይጀምራል። በ1962 ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ግሪንዊች ቪሌጅ በሚገኘው የጀድሰን ቤተ ክርስቲያን፣ ወጣት ዳንሰኞች ተሰባስበው አዲስ ነገር ያሳዩ ጀመር። መራመድ፣ መሮጥ፣ መቀመጥ፣ ዕቃ ተሸክሞ ማለፍ፣ ይህ ሁሉ ዳንስ ሊሆን ይችላል አሉ። ከመካከላቸው አንዷ ኢቮን ሬይነር ነበረች። በ1966 ሬይነር ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ሆስፒታል ተኛች። ሰውነቷ መነሣት አቅቶት ሳለ እጇ ግን ይታዘዛት ነበር። ዊልያም ዴቪስ የተባለ የሙያ ባልደረባዋ ያን እጅ በ8 ሚሊ ሜትር ፊልም ቀረጸው። «ሃንድ ሙቪ» የተባለው ይህ ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ፊልም ከአንድ እጅ በቀር ምንም አያሳይም። ጣቶቹ ይታጠፋሉ፤ ይዘረጋሉ፤ አንዱ ሌላውን ያሽ ይመስል ይነካካል፤ መዳፉ ዞሮ ጀርባውን ይሰጣል። ዳንሰኛዋ መድረኳን ብታጣም ዳንሷን አላጣችም፤ አምስት ጣት ላይ አስቀመጠችው።

በዚያው ዓመት በሌላው የአሜሪካ ጫፍ፣ በካሊፎርኒያ፣ ብሩስ ናውማን የተባለ የሃያ አራት ዓመት ወጣት የሁለተኛ ዲግሪውን ጨርሶ ሳን ፍራንሲስኮ ገባ። ቀድሞ ሸቀጣ ሸቀጥ ይሸጥበት የነበረ ቤት ተከራይቶ ስቱዲዮ አደረገው። ብዙ ገንዘብም ብዙ ዕቃም አልነበረውም። ቡና ይጠጣል፤ ከወዲህ ወዲያ ይንጎራደዳል። ኋላ ላይ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ አርቲስት ከሆነና ስቱዲዮው ውስጥ ካለ፣ እዚያ የሚያደርገው ነገር ሁሉ ጥበብ መሆን አለበት ብሎ አሰበ። የሚያደርገው ደግሞ መንጎራደድ ነበር። እንግዲያው መንጎራደዱን ቀረጸው።

ወለሉ ላይ በፕላስተር አራት ማዕዘን ሠራ። በ1967 እና 1968 መካከል በተሠራ አንድ ፊልም ላይ በዚያ መስመር ላይ አንዱን እግር ከሌላው ፊት እያስቀደመ፣ ዳሌውን አጋንኖ እያወዛወዘ፣ አንዴ ወደፊት አንዴ ወደኋላ ይዞራል። በ1968 በሠራው ሌላ ቪዲዮ ደግሞ ራሱ ባቆመው ጠባብ የእንጨት መተላለፊያ ውስጥ ይሄዳል። የመተላለፊያው ስፋት ሃምሳ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ለአንድ ሰው ትከሻ ብቻ የሚበቃ ነው። ናውማን እጆቹን ማጅራቱ ላይ አቆላልፎ በእያንዳንዱ እርምጃ ዳሌውን ወደ ጎን ይጥላል። ይህ አቋም የጥንት ግሪክ ሐውልት ሠሪዎች ክብደቱን በአንድ እግሩ ላይ ጥሎ የቆመ ሰው ሲቀርጹ የተጠቀሙበት ነው። ሐውልቱ ቆሞ ይኖራል፤ ናውማን ግን ሐውልቱን አስነሥቶ አስኬደው። አንድ ሰዓት ሙሉ አስኬደው።

ለምን አንድ ሰዓት? መልሱ መሣሪያው ውስጥ ነው። በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ሲሠራ አንድ ጥቅልል አሥር ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ የመጀመሪያዎቹ ፊልሞቹም አሥር አሥር ደቂቃ ገደማ ናቸው። ሶኒ ኩባንያ በ1967 አንድ ሰው ብቻውን ሊሸከመው የሚችል የቪዲዮ መቅረጫ ለገበያ ካቀረበ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ናውማን የተጠቀመበት የቪዲዮ ክር አንድ ሰዓት ሳይቋረጥ ይቀዳል። ማጠቢያ ቤት መላክ የለም፤ የተቀረጸው ወዲያው በቴሌቪዥን ይታያል። ክሩን ቆርጦ መቀጠል ግን በዚያን ጊዜ አስቸጋሪ ነበር። ስለዚህ የተጀመረ እንቅስቃሴ ክሩ እስኪያልቅ መቀጠል ነበረበት። የናውማን የ1968 ቪዲዮዎች አንድ ሰዓት ገደማ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። ሰው ሲደክም ሳይሆን ክሩ ሲያልቅ ያበቃሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ሲኒማ ገና ከልጅነቱ ጀምሮ መቁረጥን ተምሯል። አንድ ሰው በር ከፍቶ ሲወጣ ይታያል፤ ቀጥሎ ገበያ መሃል ይታያል፤ መንገዱ ተቆርጧል። ተመልካቹም መንገዱን አይናፍቅም። ቪዲዮው ያመጣው ለውጥ ያንን የተቆረጠውን መንገድ መመለሱ ነው። እጅ ከማሰሮ ወደ ምድጃ፣ ከምድጃ ወደ ውኃ፣ ከውኃ ወደ ማሰሮ የሚመላለስበት ጊዜ ተመልሶ ታየ። ቡና የተፈላበት ቤት ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሰው የሚያስታውሰው ጨዋታውንና ሦስተኛውን ስኒ ነው፤ ፍሬው እስኪጠቁር ምጣዱን የነቀነቀውን፣ ስኒውን ሦስት ጊዜ ያለቀለቀውን እጅ ግን ማንም አይቆጥረውም።

ናውማንን ተከትሎ ደንብ አውጥቶ መደጋገም ራሱን የቻለ መንገድ ሆነ። በ1970 ቪቶ አኮንቺ ኒው ዮርክ ውስጥ በሚኖርበት ክፍል ጉልበት የማይደርስ አርባ ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው በርጩማ አቆመ። በተመረጡት ወራት በየማለዳው በደቂቃ ሠላሳ ጊዜ ወጣ ወረደ እያለ እስኪደክመው ይቀጥላል። በየጊዜው ስንት ደቂቃ እንደቆየ የሚገልጽ ዘገባ ለሰዎች ይልክ ነበር። ናውማንም አኮንቺም ወንዶች ናቸው፤ በገዛ ክፍላቸው፣ በገዛ ጊዜያቸው፣ ራሳቸው ባወጡት ደንብ ይሠራሉ። ደንቡን በፈለጉበት ቀን መተው ይችላሉ። መደጋገማቸው የነጻ ሰው መደጋገም ነው።

ሮስለር ወጥ ቤቷ ውስጥ ቆማ ሹካውን አየር ላይ ስትሰነዝር ጥያቄው ሌላ መልክ ያዘ። ያንን ደንብ ያወጣችው እሷ አይደለችም። ሽርጡ፣ ጭልፋው፣ መዳመጫው ከእሷ በፊት የነበሩ ናቸው፤ ለእሷ ተብለው የተቀመጡ ናቸው። ፊደሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መጥራቷ አንድ ቋንቋ ሙሉ በሙሉ እንደተጫነባት ያሳያል። የእጇ ቁጣ የሚመጣውም ከዚያ ነው።

በዚያው 1975 ዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሃገን ውስጥ የቤልግሬዷ ማሪና አብራሞቪች ካሜራ ፊት ተቀመጠች። በአንድ እጇ የብረት ብሩሽ፣ በሌላው የብረት ማበጠሪያ ይዛለች። ጥበብ ቆንጆ መሆን አለበት፣ አርቲስትም ቆንጆ መሆን አለበት የሚል ትርጉም ያላቸውን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች በእንግሊዝኛ እየደጋገመች ጸጉሯን ታበጥራለች። መጀመሪያ ረጋ ብላ ነው። ቀስ በቀስ እጇ ይበረታል፤ ብሩሹ ጸጉሯን ይነቅላል፤ ፊቷን ይጭራል። ድምጿ አንዴ ይለሰልሳል፣ አንዴ ያቃስታል። ትዕይንቱ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቷል። ጸጉር ማበጠር ያለ እናት እጅ የማይታሰብ የፍቅር ሥራ ነው። አብራሞቪች ያንኑ ሥራ ትእዛዝ ሲሆን ምን እንደሚመስል አሳየች። ተመልካቹ ከመጀመሪያው ደቂቃ ይልቅ አርባኛው ደቂቃ ላይ ነው የሚያምመው፤ ምክንያቱም እስከዚያ ድረስ ስንት ጊዜ እንዳበጠረችው ያውቃል።

ብራዚል ውስጥ ሌቲሲያ ፓሬንቴ የተባለች ሴት ነበረች፤ ሙያዋ ኬሚስትሪ ነው። አገሯ በወታደራዊ አገዛዝ ሥር በነበረችበት ጊዜ ቪዲዮ መሥራት ጀመረች። በ1975 በሠራችው አንድ ቪዲዮ ላይ መርፌና ክር ታነሣለች፤ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ታሾልካለች፤ ከዚያም በራሷ የእግር መርገጫ ቆዳ ላይ «ብራዚል ውስጥ የተሠራ» የሚለውን የዕቃ ምልክት በእንግሊዝኛ ትሰፋለች። ካሜራው ከእግሩ አይርቅም። መርፌው ይገባል፣ ክሩ ይሳባል፣ መርፌው ይገባል። ማንኛዋም እናት ቁልፍ የምትሰፋበት እንቅስቃሴ ነው፤ ጨርቁ ሰው መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

በ1982 ደግሞ «ተግባር አንድ» ልንለው የምንችለውን ቪዲዮ ሠራች። ፓሬንቴ ልብሷን እንደለበሰች የመተኮሻ ጠረጴዛ ላይ በደረቷ ትተኛለች። አንዲት ጥቁር ሴት መጥታ የለበሰችውን ልብስ በላይዋ ላይ እንዳለ ትተኩሰዋለች። ካውያው ጀርባዋ ላይ ይሄዳል፤ እግሯ ላይ ይወርዳል። ማንም አይጮኽም፤ ማንም አይናገርም። ሁለት ሴቶች አሉ፤ አንዷ እንደ ዕቃ ተጋድማለች፤ ሌላዋ የዕለት ሥራዋን እየሠራች ነው። ለየትኛዋ ማዘን እንዳለበት ተመልካቹ ይቸግረዋል፤ ቪዲዮውም አይነግረውም። ቤይሩት፣ ሪያድ ወይም ዱባይ በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ኢትዮጵያዊት ይህን ምስል ብታይ ማብራሪያ አያስፈልጋትም።

ሌላኛዋ አርቲስት የደቡብ አፍሪካዋ በርኒ ሰርል ናት። በ2001 ለቬኒስ የጥበብ ቢየናሌ በሠራችው «ስኖው ዋይት» የተባለ ቪዲዮ፣ ጨለማ ውስጥ ራቁቷን ተንበርክካ ትታያለች። ከላይ ነጭ ዱቄት ይዘንብባታል። ጸጉሯን፣ ትከሻዋን፣ ጭኗን ይሸፍናል። ቀጥሎ ውኃ ይፈስሳል። እሷም በዙሪያዋ የተከመረውን ዱቄት በሁለት እጇ ሰብስባ ማቡካት ትጀምራለች። ሥራው በሁለት ስክሪን ይታያል፤ አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከፊት ለፊት። ሊጥ አቡክቶ የማያውቅ ሰው ምናልባት በመጀመሪያ የሚያየው ነጭ ዱቄት በጠይም ሰውነት ላይ ሲወርድ ነው፤ ያም ትክክል ነው፤ ሰው በቆዳው ቀለም ተመድቦ በኖረበት አገር የተሠራ ነውና። አቡክቶ የሚያውቅ ሰው ግን ሌላም ነገር ያያል። የእጅ መዳፍ ሊጡን ሲገፋ የትከሻው ጡንቻ እንዴት እንደሚነሣ፣ ሊጡ መጀመሪያ ጣት ላይ እንደሚጣበቅ፣ እየታሸ ሲሄድ ግን እጅን እንደሚለቅ ያያል። የዘነበባትን ነገር ሰርል ወደ ዳቦ ሊጥ ለውጣዋለች። ለውጡ የመጣው በመደጋገም ነው፤ አንድ ጊዜ በመጫን ሊጥ አይቦካም።

ይህ ዘርፍ ካፈራቸው ሥራዎች ሁሉ ግን ከአንድ ስደተኛ ሥራ ጋር የሚስተካከል ማግኘት ይከብዳል።

ቴቺንግ ሽዬ በ1950 ታይዋን ውስጥ ተወለደ። በ1974 መርከበኛ ሆኖ አሜሪካ ደረሰና ፊላደልፊያ አጠገብ ከመርከቡ ጠፍቶ ቀረ። ከዚያ በኋላ ዐሥራ አራት ዓመት ያለ መኖሪያ ፈቃድ ኖረ፤ በ1988 በተሰጠው ምሕረት ነው ወረቀቱን ያገኘው። ምግብ ቤት ሳህን አጠበ፤ ወለል ጠረገ። ኒው ዮርክ ውስጥ የሠራቸው አምስት ሥራዎች እያንዳንዳቸው አንድ ዓመት የፈጁ ናቸው። ሁለተኛው ሚያዝያ 11 ቀን 1980 ተጀምሮ ሚያዝያ 11 ቀን 1981 አበቃ።

ደንቡ ቀላል ነው። ግድግዳው ላይ ፋብሪካ ውስጥ የሚገኝ ዓይነት የሠራተኛ መግቢያ ሰዓት አለ። ሽዬ የሠራተኛ የደንብ ልብስ ለብሶ ሰዓት በሞላ ቁጥር ካርዱን ከቶ ይመታል። ቀንም ሌሊትም። ከዚያ አጠገቡ ቆሞ ለአንድ የፊልም ፍሬም ብቻ ይነሣል። በቀን ሃያ አራት ጊዜ፣ በዓመት 8,760 ጊዜ መሆኑ ነው። ካርዶቹ ላይ ምስክር ፈርሞባቸዋል። በደንቡ መሠረት በአንድ ዓመት ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ በተከታታይ መተኛት፣ ከስቱዲዮውም ከአንድ ሰዓት ደርሶ መልስ በላይ መራቅ አይችልም።

ሥራውን ሲጀምር ጸጉሩን ተላጨ። ሰው ሁሉ ጊዜ ማለፉን በዓይኑ እንዲያይ ነው። ፊልም በሰከንድ ሃያ አራት ፍሬም ስለሚያልፍ አንድ ቀን አንድ ሰከንድ ይሆናል፤ ዓመቱም ስድስት ደቂቃ ገደማ ያልቃል። በዚያ ስድስት ደቂቃ ውስጥ የሰዓቱ ቀስት እንደ እብድ ይሽከረከራል፤ የሽዬ ሰውነት ይርገበገባል፤ ጸጉሩ ግን ቀስ እያለ ያድጋል፤ ጆሮውን ይሸፍናል፤ ትከሻው ላይ ይወርዳል። ተመልካቹ ከጸጉሩ በቀር የሚይዘው የተረጋጋ ነገር የለም።

ናውማን የሚራመደው ክሩ እስኪያልቅ ነበር። ሽዬ የሚመታው ምንም ለማያመርት ፋብሪካ ነው። አሠሪ የለም፤ ደመወዝ የለም፤ ምርት የለም። ሆኖም ድካሙ እውነተኛ ድካም ነው። ከሥራው ምርቱንና ደመወዙን ብናወጣ የሚቀረው ጊዜ መሆኑን፣ ያ ጊዜም የአንድ ሰው ዕድሜ መሆኑን ሽዬ በሰውነቱ አሳየ። አሜሪካ ውስጥ በሰዓት ተከፍሏቸው በመኪና ማቆሚያ፣ በሆቴል፣ በመጋዘን የሠሩ ኢትዮጵያውያን ያንን የካርድ ድምፅ ያውቁታል። ሽዬም እንደ እነሱ በጉልበቱ የሠራ ሰው ነበር፤ ሥራውን ያወጣው ከዚያ ሕይወት ነው። ለሥራው የሚገባው ክብር የመጣለት ዘግይቶ ነው፤ በ2017 ቬኒስ ቢየናሌ ላይ በታይዋን ስም የቀረበው እሱ ነበር።

የሽዬ ሥራ መራራ ነው። ያንኑ የድካም ጥያቄ በለዘበ መንገድ ያነሣው ፍራንሲስ አሊስ ነው። ቤልጅየም የተወለደው አሊስ ከ1985ቱ የሜክሲኮ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ በአርክቴክትነት ሊሠራ ሜክሲኮ ሲቲ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1997 አንድ ትልቅ የበረዶ ግንድ መንገድ ላይ አስቀምጦ መግፋት ጀመረ። መጀመሪያ ሁለት እጁን አስደግፎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በሙሉ ኃይሉ ነው። ከሰዓታት በኋላ በእግሩ እየገፋ ያስኬደዋል። ከዘጠኝ ሰዓት በላይ ገፍቶ መጨረሻ ላይ አስፋልቱ ላይ ትንሽ እርጥበት ብቻ ቀረ። ቪዲዮው አምስት ደቂቃ ነው። ንዑስ ርዕሱ፣ በአማርኛ ሲመለስ፣ አንዳንዴ አንድ ነገር መሥራት ወደ ምንም ያደርሳል እንደማለት ነው። በዚያ ከተማ ሸቀጥ እየገፉ ለሚውሉ ሰዎች ይህ የቀልድ ታሪክ አይደለም።

ከእነዚህ ሁሉ ለየት ያለ መንገድ የሄደችው ሚርል ላደርማን ዩክለስ ናት። በ1968 የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ዳይፐር መቀየር፣ ማጠብ፣ ማጽዳት፣ እንደገና መቀየር ቀኗን ሞላው። በ1969 ጥገናና ጽዳት ራሱ ጥበብ ነው የሚል መግለጫ ጻፈች። በ1973 በሃርትፎርድ ከተማ የሚገኝ ሙዚየምን ደረጃ ተንበርክካ በውኃና በጨርቅ አጠበች። ከ1979 እስከ 1980 ደግሞ የኒው ዮርክ ከተማ 8,500 የጽዳት ሠራተኞች ዘንድ በየምድባቸው እየሄደች አንድ በአንድ እጃቸውን ጨበጠች፤ ከተማዋን በሕይወት ስላቆዩ አመሰገነቻቸው። እጅ መጨበጥ ከዕለት ተዕለት እንቅስቃሴዎች ሁሉ ተራው ነው። ስምንት ሺህ አምስት መቶ ጊዜ ሲደገም ግን አንድ ከተማ ለዘመናት ሳይከፍል የኖረውን ዕዳ ይቆጥራል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። «ይህንንማ ማንም ይሠራዋል» የሚል ሰው ሁልጊዜ ይኖራል፤ ንግግሩም ከቁጣ ሳይሆን ከቅንነት የሚመጣ ነው። መራመድ ማንም ይራመዳል፤ ጸጉር ማንም ያበጥራል። ልክ ነው። ነገር ግን እነዚህ አርቲስቶች ያመጡት እንቅስቃሴውን አይደለም። ያመጡት ሦስት ነገር ነው። የመጀመሪያው ደንብ ነው፤ ከመጀመራቸው በፊት ምን እንደሚያደርጉና እስከ መቼ እንደሚያደርጉ ወስነዋል። ሁለተኛው ቆይታ ነው፤ ከሚመቸው በላይ ቆይተዋል። ሦስተኛው የካሜራው ቦታ ነው፤ ፓሬንቴ ካሜራውን ከመርፌው ትንሽ ብታርቀው ኖሮ የምናየው አንዲት ሴት ተቀምጣ ስትሰፋ ብቻ ነበር። ሦስቱ ሲገጥሙ ብቻ ነው ልማድ ምስክርነት የሚሆነው። ሲጎድሉ ደግሞ ሥራው በእርግጥም አሰልቺ ይሆናል፤ እንዲህ ዓይነት አሰልቺ ሥራም ብዙ አለ፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም።

ከሦስቱ ይልቅ ከባዱ ቆይታው ነው። ናውማን ራሱ በ2015 ሰባዎቹ ውስጥ ሆኖ ወደዚያ የ1968 አረማመድ ተመልሷል። ያው እርምጃ ነው፤ ያው የዳሌ መወዛወዝ ነው። አሁን ግን ሰውነቱ ከብዷል፤ ሚዛኑን ለመጠበቅ ይቸገራል። ሁለቱን ቪዲዮዎች አጠገብ ለአጠገብ ያየ ሰው በመካከላቸው ያለውን ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት የተጠጋ ዕድሜ በአንድ እርምጃ ውስጥ ያነባል። ያው ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ እንኳ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አይራመድም፤ ጉልበቱ ይዝላል፤ ትንፋሹ ይለወጣል። መደጋገም ልዩነቱን ጎላ አድርጎ ያወጣዋል።

ከአገራችን ጋር የሚያያይዘው ክርም አለ። አዲስ አበባ ተወልዶ ኒው ዮርክ የሚሠራው ዕዝራ ውቤ የአዲስ ቪዲዮ አርት ፌስቲቫል መሥራች ነው። የእሱ ሥራ በገዛ ሰውነት የሚቀርብ ትዕይንት (ፐርፎርማንስ) ሳይሆን አኒሜሽን ነው፤ አሠራሩ ግን ከዚህ ጉዳይ ጋር ይዛመዳል። ዕዝራ አንድ ሸራ ላይ ይሥላል፤ ፎቶ ያነሣል፤ በዚያው ሸራ ላይ ደርቦ ይሥላል፤ እንደገና ፎቶ ያነሣል። በ2011 የሠራው «ሒሳብ» አህያ፣ ውሻና ፍየል ሚኒባስ ታክሲ የተሳፈሩበትን፣ አዲስ አበቤ ሁሉ የሚያውቀውን ጨዋታ ይተርካል። ታሪኩ ሲያልቅ ሸራው ላይ የሚገኘው የመጨረሻው ሥዕል ብቻ ነው። በሥሩ የተቀበረውን የእጅ ድግግሞሽ የያዘው ቪዲዮው ነው።

ከዚህ አዳራሽ የሚወጣ ታዳሚ አንድ ነገር እንዲያደርግ ይጠየቃል። እንዲህ ዓይነት ቪዲዮ ፊት ሲቆም ነገሩ የገባው በመሰለው ቅጽበት ጥሎ አይሂድ። ሥራው የሚጀምረው ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው። ይቀመጥ፤ እስኪያበቃ ይየው፤ የሚደጋግመውን እጅ ይከተል፤ ለማን እንደሚደጋግምም ይጠይቅ። ቪዲዮ በሚሠሩ ወጣቶች ኪስ ውስጥ ደግሞ ዛሬ ያለው ስልክ ናውማን ከነበረው መሣሪያ ሁሉ ይበልጣል። የጎደለው መሣሪያ አይደለም፤ አንድን እጅ ሳይቆርጡ፣ በባለቤቱ ፈቃድ፣ ሥራው እስኪያልቅ የማየት ትዕግሥት ነው።

ቴቺንግ ሽዬ ሥራውን ሲጨርስ ካርዱን የመታው 8,760 ጊዜ አልነበረም። 133 ጊዜ አምልጦታል። ያመለጠውን አልደበቀም፤ ምክንያቱን ለይቶ በሰንጠረዥ አስፍሮ ከካርዶቹ ጋር ለእይታ አቀረበው። 10 ጊዜ ቀድሞ መትቷል። 29 ጊዜ ዘግይቷል። 94 ጊዜ እንቅልፍ ወስዶታል።